ሐረጎን ስትወጡ መስታወቱ እንዳያልበው፦ የመኪና መስታወት ከውስጥ ጉም እንዳይዝ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሐምሌ ዝናብ የሚወጣ ሹፌር ብዙ ጊዜ በግራ እጁ መሪ፣ በቀኝ እጁ ጨርቅ ይዞ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት ደግሞ በአንድ እጅ የሚነዳ መንገድ አይደለም። ጨርቁ መስታወቱን ለአንድ ኩርባ ያህል ይከፍታል፤ ቀጣዩ ኩርባ ላይ ያው ጉም ተመልሶ ይጠብቃል። ጨርቅ ውሃውን ከመስታወቱ ላይ ያነሳዋል እንጂ ከመኪናው አያስወጣውም፤ ጨርቁ የጠጣው እርጥበትም ቆይቶ ይተንና እዚያው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ስለ መጥረግ ብዙ አላወራም። የማወራው ውሃውን ከመኪናው ስለ ማስወጣትና ከተቻለም መጀመሪያውኑ ስላለማስገባት ነው።

አሁን መንገድ ላይ ሆናችሁ የምታነቡ ከሆነ (ሹፌሩ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ያንብብለት) ነገሩ በአጭሩ ይኸው፦ የአየር ማስገቢያውን ከውጭ እንዲያስገባ አድርጉ፤ ንፋሱን ወደ ፊት መስታወት አዙሩ፤ ሙቀቱን እስከ ቀዩ ድረስ ግፉት፤ ኤሲ የሚሠራ ከሆነ አብሩት፤ ፋኑን ከፍ አድርጉ፤ ከኋላ አንድ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፈቱ። ሞተሩ ከሞቀ መስታወቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይከፍታል። ካልከፈተ ወይም በየጊዜው የሚመለስ ከሆነ የሚቀጥለውን አንብቡ።

ውሃው ከየት ይመጣል?

አየር ውስጥ ሁልጊዜ ዓይን የማያየው የውሃ እንፋሎት አለ። አየሩ ሲሞቅ ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፣ ሲቀዘቅዝ ጥቂት። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ 23 ግራም ውሃ ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ 17 ግራም ያህል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ተኩል አያልፍም። ትርፉ አጠገቡ ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ያርፋል። ኮምቦልቻ ላይ ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛውን የሚያርሰው በዚሁ ምክንያት ነው። መኪና ውስጥ ቀዝቃዛው ነገር መስታወቱ ነው።

አሁን ሰው እንጨምርበት። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 40 ግራም ያህል እንፋሎት ይለቃል። ኮሮላን በመሰለ አውቶሞቢል ውስጥ ያለው አየር 3 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። መስታወቱ 10 ዲግሪ ከሆነ ይህ ሁሉ አየር ጉም ሳያስይዝ የሚሸከመው 28 ግራም ብቻ ነው። አራት ሰው በሰዓት 160 ግራም ያወጣል። መኪናው ፍጹም ደርቆ ቢነሳ እንኳ፣ ሁሉ ነገር ተዘግቶ ከተጓዘ አሥር ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። በክረምት ደግሞ ደርቆ የሚነሳ መኪና የለም፤ ጫማው፣ ጃንጥላው፣ ምንጣፉ ሁሉ አስቀድሞ ውሃ ጠጥቷል።

የእኛ መንገድ ነገሩን ያባብሰዋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። 25 ኪሎ ሜትር በማትሞላ ወይም እምብዛም በማትበልጥ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል ማለት ነው። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ አየሩ አራት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ዝናብና ንፋስ የሚመታው የፊት መስታወት ደግሞ ከዚያም በላይ። ከታች ተዘግቶ የተጫነው ሞቃትና እርጥብ አየር ሐረጎ ላይ ሲደርስ ቀዝቃዛ መስታወት ያገኛል። ተሳፋሪው አልተለወጠም፣ መኪናው አልተበላሸም፣ መስታወቱ ግን በድንገት ነጭ ሆነ የሚባለው በዚህ ነው።

አንድ፦ ጉሙ ከየት በኩል እንደሆነ በጣት ፈትኑ

ምንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት መስታወቱን ከውስጥ ጠርዙ ላይ በጣታችሁ ጫሩ። መስመር ከወጣ ጉሙ ከውስጥ ነው። መስመር ካልወጣ ከውጭ ነው፤ ለዚያ መድኃኒቱ የተለየ ስለሆነ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። ይህን ሳይለዩ ወደ ኤሲ መሮጥ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል።

ሁለት፦ የተረሳችው ቁልፍ

ከሁሉም በላይ ጥፋተኛዋ ይህች ናት። በሁሉም መኪና ላይ ማለት ይቻላል አየሩ ከውጭ ይግባ ወይስ የውስጡ ይሽከርከር የሚል ቁልፍ ወይም ተንሸራታች አለ። አንደኛው ምስል ከውጭ ወደ መኪናው የሚገባ ቀስት ነው፤ ሌላው መኪናው ውስጥ ዞሮ የሚመለስ ቀስት። በበጋ አቧራ፣ ወይም ዳገቱ ላይ ከሲኖትራክ ኋላ ተጣብቀን ጭሱ ሲያፍነን ወደ ዝግ እናዞረዋለን። ከዚያ እንረሳዋለን። አንዳንድ መኪና ላይ ለወራት ዝግ ሆኖ ይቆያል፤ ሰኔ ሲገባ መስታወቱ ማላብ ይጀምራል፣ ባለቤቱም መካኒክ ዘንድ ይሄዳል።

ስለዚህ ቁልፉን ወደ ውጭ አየር አዙሩት፣ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከራከራል፦ «ውጭው ራሱ ጉም ነው፤ ደሴ ደመና ውስጥ ገብታ ሳለች እርጥቡን አየር አስገብቼ እንዴት ነው የሚደርቀው?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ቁጥሩ ውስጥ አለ። ውጭ 10 ዲግሪ ሆኖ አየሩ እስከ አፉ ቢሞላ የያዘው ውሃ 9 ግራም ተኩል ያህል ነው። ያንን አየር አስገብታችሁ በሞተሩ ሙቀት ወደ 25 ዲግሪ ብታደርሱት የመሸከም አቅሙ 23 ግራም ይሆናል፤ የያዘው ግን ያው 9 ግራም ተኩል። ከአቅሙ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ሞላ ማለት ነው። ቀሪውን ቦታ ከመስታወቱ፣ ከልብሱና ከትንፋሹ ውሃ እየጠጣ ይወጣል። ደመና ውስጥ ያለ አየርም ሲሞቅ ደረቅ አየር ነው። ኤሲው ለዓመታት ጋዝ ያላየ መኪና ሐረጎን ጥርት ባለ መስታወት ሊወጣ የሚችለው በዚህ ነው።

የገባው አየር መውጫም ይፈልጋል። ፋብሪካው የመውጫ ቀዳዳውን ብዙውን ጊዜ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ጎንና ከኋላ መከላከያው ሥር ያደርገዋል። የዕቃ መጫኛው በጆንያ ተጠቅጥቆ ቀዳዳው ከተዘጋ ፋኑ ቢጮህም አየሩ አይንቀሳቀስም። የኋላ መስኮት በትንሹ ክፈቱ ያልኩት ለዚህ ነው። ከሾፌሩ በሰያፍ ያለው የኋላ መስኮት ቢሆን ይመረጣል፤ አየሩ ካቢኑን አቋርጦ ይወጣል።

ሦስት፦ ሙቀቱና ንፋሱ በትክክል መስታወቱ ላይ ይድረስ

ንፋሱን ወደ ፊት መስታወት የሚያዞረው ምልክት የቆመ መስታወት ቅርጽ ሆኖ ከሥሩ ወደ ላይ የሚታጠፉ ቀስቶች አሉት። ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ላይ ያለው የኋላ መስታወት ነው፤ እሱ የሚሠራው በቀጫጭን የኤሌክትሪክ መስመሮች ስለሆነ ከንፋሱ ጋር ግንኙነት የለውም። እሱንም አብሩት፣ መስታወቱ ሲጠራ አጥፉት።

ከዚያ ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። ንፋሱ የሚወጣው መስታወቱ ሥር ካሉት ረጃጅም ቀዳዳዎች ነው። እኛ ዳሽቦርድ ላይ ጸጉራም ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ የሶፍት ካርቶን እናስቀምጣለን፣ መውሊድም ፋሲካም አልፎ የማይነሳ ጌጥ እንደረድራለን። ቀዳዳው ከተሸፈነ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ምንጣፉን ለክረምት አንሱት፤ መኪናው በዚህ አያፍርም።

ሙቀቱ የሚመጣው ከሞተሩ ውሃ ነው። ጠዋት ደሴ ላይ ስታስነሱ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚነፍሰው ብርድ ነው፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ሞተሩ ሞቆም ብርድ ብቻ የሚነፍስ ከሆነ ግን ከእነዚህ አንዱ ነው፦

የራዲያተር ውሃ ጎድሏል ወይም ቱቦው ውስጥ አየር ታፍኗል። ሞተሩ ሳይሞቅ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ፤ በሞቀ ሞተር ክዳን መክፈት ፊት ያቃጥላል።

ተርሞስታቱ (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ክፍል) ተነቅሎ ተጥሏል። ይህ እኛ አገር የተለመደ ነው፤ መኪና ሲያፈላ «አውጣውና ይገላገላል» ይባላል። ቆላ ላይ ላይሰማ ይችላል። ደሴ ላይ ግን ተርሞስታት የሌለው ሞተር በተለይ ቁልቁለት ላይ በቅጡ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይበላል፣ ሙቀቱም ለብ ያለ ብቻ ይሆናል። አዲስ አስገቡለት። የሚያፈላበት ምክንያት ሌላ ስለሆነ እሱም በራሱ ይፈለግ።

የሂተር ቱቦዎቹ ተቆርጠው እርስ በርስ ተገናኝተዋል። ቀድሞ ያፈሰ የሂተር ራዲያተር ሲያስቸግር መካኒኮች ኮፈኑ ሥር ያሉትን ሁለት ቱቦዎች አጋጥመው ይተዉታል። መኪና ገዝታችሁ ሙቀት ከሌለው ሞተሩና ካቢኑ በሚለዩበት ግድግዳ በኩል ሁለት የጎማ ቱቦዎች መግባታቸውን አረጋግጡ።

ፋኑ በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቃጠለው የፋኑን ፍጥነት የሚቀንሰው ሬዚስተር ነው፤ ፋኑን ሙሉ በሙሉ ቀይሩ የሚል ካለ መጀመሪያ ይህን ያሳያችሁ። ንፋሱ በሁሉም ፍጥነት ደካማ ከሆነ የካቢን ፊልተሩን አውጥታችሁ እዩት። በብዙ መኪና ከዳሽቦርዱ ኪስ በስተጀርባ ነው፤ የበጋው አቧራ ሞልቶት የሚገኘውም ልክ ዝናብ ሲጀምር ነው። ግንቦት ላይ ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

በነገራችን ላይ ዳገት ላይ ሙቀቱን መክፈት ሞተሩን አይጎዳም። የሂተር ራዲያተሩ ከሞተሩ ሙቀት ስለሚወስድ እንዲያውም ያቀለዋል።

አራት፦ ኤሲ ያላችሁ

«ኤሲ ለብርድ ነው፤ ደሴ ላይ ምን ያደርጋል?» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ኤሲ አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ሲያሳልፈው ውሃው እዚያ ላይ ይንጠባጠብና ከመኪናው ሥር ይፈስሳል፤ ከዚያ የደረቀው አየር በሂተሩ በኩል ያልፋል። ኤሲና ሙቀት አብረው ሲበሩ አይጣሉም። አንዱ ያደርቃል፣ አንዱ ያሞቃል። ብዙ አዳዲስ መኪናዎች ንፋሱን ወደ ፊት መስታወት ስታዞሩ ሳትጠየቁ ኤሲውን ያበሩታል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ከበራ በኋላ መንገድ ላይ አጥፉ አብሩ አትበሉት። ሲጠፋ ቱቦው ላይ የቀረው ውሃ ፋኑ እየነፋው ተመልሶ ወደ ካቢኑ ይተናል፤ መስታወቱም በአንድ አፍታ ይሸፈናል። ትንሽ ሞተር ያለው መኪና ዳገቱ ላይ ጉልበት ካነሰው ኤሲውን ከመነሻው አጥፍቶ በውጭ አየርና በሙቀት ብቻ መውጣት ይሻላል። ኤሲው መሥራቱን ለማወቅ ኮምቦልቻ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አብርታችሁ ቁሙ፤ ከተሳፋሪው እግር በታች በኩል መሬት ላይ ውሃ መንጠባጠብ አለበት።

አምስት፦ ውሃ አታስገቡ

የመኪናችሁ ምንጣፍ ሥር ስፖንጅ አለ፤ ስፖንጁ በሊትር የሚቆጠር ውሃ ደብቆ ሊይዝ ይችላል፣ ከላይ ሲነካ ደረቅ እየመሰለ። በክረምት የዚህ ምንጭ ዝናብ ብቻ ሳይሆን ላቫጆም ነው። ሞኬቱን በሳሙና ፈትገው፣ በውሃ አጥበው፣ ከሰዓት በኋላ «መንገድ ላይ ይደርቃል» ብለው ያስረክባሉ። ሐምሌ ላይ አይደርቅም። ውጭውን ያጠቡ፣ ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሞኬትና ወንበር ማሳጠብ ለመስከረም ይቆይ።

ለመፈተን የጎማ ምንጣፉን አንሱ፣ ሞኬቱ ላይ አጣጥፋችሁ ጋዜጣ ወይም ሶፍት አኑሩና ተረከዛችሁን ጫኑበት። ከረጠበ ከሥር ውሃ አለ። ለማድረቅ የሞኬቱን ጠርዝ ከበሩ በኩል ነቅላችሁ ከፍ አድርጉና ከሥሩ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሸጉጡ፤ አየር ይግባበት። ፀሐይ በወጣችባት ሰዓት አራቱንም በር ክፈቱ። ስትነዱ ሙቀቱን ወደ እግር አዙሩ፣ መስኮት ገርበብ አድርጉ። ቀናት ይወስዳል፤ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

የቀረው የዕለት ጥንቃቄ ነው። እርጥብ ጃንጥላና ካፖርት ከኋላ ዕቃ መጫኛ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይግባ። በእርጥብ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት፣ ከገበያ የመጣ ጎመን፣ ክዳኑ የማይገጥም ጀሪካን፣ ከምጣድ የወጣ ትኩስ እንጀራ ሁሉም እንፋሎት ይለቃሉ። ዝናብ የመታው ጋቢ ለብሶ የሚሳፈር ሰው ግን ጋቢውን አውልቅ አይባልም፤ እሱን በአየር ነው የምትችሉት።

ስድስት፦ መኪናው ራሱ ያፈሳል?

ያለ ምክንያት የሚረጥብ ምንጣፍ ካለ ፈልጉ። ደሴ ላይ መጀመሪያ የማየው ቦታ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው ወንፊት ነው። ባሕር ዛፍ ሥር የሚያድር መኪና ቅጠሉ እዚያ ይከማቻል፤ የውሃ መውረጃው ይደፈናል፤ ውሃው ሞልቶ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ተሳፋሪው እግር ይወርዳል። ኮፈኑን ክፈቱ፣ ቅጠሉን በእጅ ልቀሙ፣ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱና ከጎማው በስተኋላ ሲወርድ ተመልከቱ።

የበር ጎማ ለመፈተን አንድ ወረቀት በሩና ጎማው መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም መያዝ ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ ጎማው ሞቷል። ከዚያ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ቀስ እያለ ውሃ ያፍስስ፤ ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርስ ቀዳዳው አይለይም። የኋላ መብራት ዙሪያና የትርፍ ጎማ ጉድጓድንም አትርሱ። ትርፍ ጎማው ሥር ኩሬ ይዘው የሚዞሩ መኪናዎች አሉ።

ኤሲው እየሠራ ከሥር ምንም የማይንጠባጠብ፣ የተሳፋሪው ምንጣፍ ግን የሚረጥብ ከሆነ የኤሲው የውሃ መውረጃ ቱቦ ተደፍኗል። ከመኪናው ሥር ጫፉን አግኝቶ በለስላሳ ሽቦ መክፈት ይቻላል፤ ጎሚስታ ቤት በንፋስ ካስነፋችሁ በትንሽ ግፊት ይሁን፣ አለበለዚያ ቱቦው ከውስጥ ሊነቀል ይችላል።

የመጨረሻው ከባዱ ነው፦ የሂተር ራዲያተር ማፍሰስ። ምልክቱ መስታወቱ ላይ ሲጠረግ የሚቀባ፣ ቅባት የመሰለ ጉም፣ የራዲያተር ውሃ ቀስ በቀስ መጉደልና የጣፈጠ ሽታ ነው። በኩላንት (በራዲያተር ፈሳሽ) ፈንታ የቧንቧ ውሃ የሚሞላ ሰው ግን ሽታውም ቅባቱም ላይኖረው ይችላል፤ እሱ የውሃውን መጉደል ነው መከታተል ያለበት። ኩላንት መርዝ ነው፤ ሲተነፍሱት መዋልም ጥሩ አይደለም። ይህ ካለ ጋራዥ ከመሄድ ሌላ አቋራጭ የለም።

ሰባት፦ የመስታወቱ ንጽሕና

ቆሻሻ መስታወት ቶሎ ጉም ይይዛል፤ ውሃው የሚጨብጠው ነገር ያገኛላ። ፀሐይ የመታው የዳሽቦርድ ፕላስቲክ የሚለቀው ስስ ቅባት፣ አቧራ፣ የሲጋራ ጭስና የእጃችን አሻራ መስታወቱ ላይ ይጋገራሉ። በእጅ መዳፍ መጥረግ ነገሩን ያባብሰዋል፣ አሻራው ይቀራልና፤ ማታ ፊት ለፊት የሚመጣ መብራት ሲያርፍበት ደግሞ ዓይን ያጠፋል።

ሁለት ንጹሕ ጨርቅ ያዙ፣ ጸጉር የማያራግፍ። ለብ ባለ ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጉና በአንደኛው እጠቡ፤ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፤ በሁለተኛው አድርቁ። ቅባቱ እልኸኛ ከሆነ ውሃና ነጭ ኮምጣጤ እኩል ቀላቅላችሁ ድገሙት። ከውስጥ ወደ ጎን፣ ከውጭ ወደ ላይና ወደ ታች ብትጠርጉ የቀረው መስመር የየትኛው ወገን እንደሆነ ይለያል። ጥቁር ፊልም የተለጠፈበት መስታወት ላይ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አይነካ፤ ፊልሙን ያበላሸዋል። የኋላ መስታወት ላይ ያሉትን መስመሮች ተከትላችሁ በስሱ ጥረጉ፤ አንዱ ከተቆረጠ በዚያ ቦታ አይሠራም።

ከዚህ በኋላ የሚቀባ ነገር ካማራችሁ የጺም መላጫ አረፋ ወይም ያው ፈሳሽ ሳሙና በስሱ ቀብቶ እስኪጠራ ድረስ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይሠራል። ሳሙና ውሃው በጠብታ ፈንታ ስስ ሆኖ እንዲዘረጋ ስለሚያደርግ ውሃው ቢኖርም ያሳያል። ለጥቂት ቀናት ነው፤ ከበዛ ማታ ያብረቀርቃል። ድንች ቆርጦ መቀባት የሚለውን አልመክርም፤ ስታርቹ ደርቆ መስመር ይሠራል።

እርጥበት መጣጭ ነገሮችንም ሰው ይጠይቃል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት ትንንሽ የሲሊካ ከረጢቶች ጥቂት ግራም ናቸው፤ በሰዓት 160 ግራም ለሚያመርት ቤተሰብ ምንም አይደሉም። ግማሽ ኪሎ የሚሆን ሲሊካ በጨርቅ ከረጢት አድርጎ ሌሊት ማስቀመጥ ለቆመ መኪና ይረዳል፣ ሲጠግብ በምድጃ ሙቀት ይደርቃል። ጨውም እርጥበት ይመጥጣል፤ ግን ሲጠግብ እየቀለጠ ይንጠባጠብና ብረቱን ያዝጋል።

ማታ ስታቆሙ

ቤት ደርሳችሁ ሞተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት ኤሲውን አጥፉና ፋኑን ለጥቂት ጊዜ በውጭ አየር ተዉት፤ ቱቦው ላይ ያለው ውሃ ይውጣ። ቆማችሁ ሁለት በር ለአንድ ደቂቃ ክፈቱ፤ የሞቀው እርጥብ አየር ሌሊቱን መስታወቱ ላይ ከሚያድር አሁን ይሂድ። ግቢያችሁ ጥበቃ ካለውና መስኮቱ የዝናብ መከላከያ ክዳን ከተገጠመለት በጣት ስፋት ከፍቶ ማሳደር ጥሩ ነው። የፊት መስታወቱን ከውጭ በካርቶን ወይም በሸራ መሸፈን ብዙ ይረዳል፤ ጥርት ባለው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት መስታወቱ ከአየሩ በላይ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ውጭው ላይ አመዳይ ካገኛችሁ የፈላ ውሃ አታፍስሱበት፤ መስታወት ይሰነጥቃል።

ሚኒባስና ባጃጅ

ሚኒባስ ውስጥ ችግሩ ቴክኒክ ብቻ አይደለም። ከአሥር ሰው በላይ እየተነፈሰ ረዳቱ አንድ መስኮት ሲከፍት ከኋላ «ኧረ ልጄ ዝጋልን፣ ብርድ ገደለን!» ይመጣል። «እማማ፣ መንገዱ አይታየኝም፤ ትንሽ ይታገሡኝ» ከማለት ጋር መፍትሔም ያስፈልጋል። ንፋስ ሰው ላይ ሳያርፍ እንዲወጣ የመጨረሻውን ወንበር ተንሸራታች መስታወት ትንሽ ክፈቱና ከፊት በኩል ፋኑን በውጭ አየርና በሙቀት አስነሱ። አየሩ ከፊት ሞቆ ይገባል፣ ከኋላ ይወጣል፤ ተሳፋሪው ሙቀት እንጂ ብርድ አይሰማውም። ሁለት ትይዩ መስኮት መክፈት ነው ጠብ የሚያመጣው። መናኸሪያ ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላ ስትጠብቁም በሩን ክፍት አድርጉት፤ እርጥብ ሆኖ የተነሳ ሚኒባስ መንገድ ላይ ለማድረቅ ያስቸግራል።

ባጃጅ ሂተር የለውም። የጎኑ ሸራ እስከ ታች ሲዘጋ የፊት መስታወቱ ወዲያው ያልበዋል። ከነፋሱ በተቃራኒ ያለውን ሸራ ከላይ በኩል ትንሽ ልቀቁት፣ መስታወቱን ጠዋት ጠዋት በሳሙናው ቀቡት፣ ደረቅ ጨርቅ በላስቲክ ውስጥ ያዙ። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ ለሚመላለስ ባጃጅ ይህ ይበቃዋል።

የኤሌክትሪክ መኪና

በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዳችን ላይ እየበዛ ነው። የሞተር ሙቀት ስለሌለው በራሱ ማሞቂያ ይጠቀማል፤ ጥቅሙ ጠዋት ቶሎ መሞቁ ነው። ብዙ ሹፌሮች ግን ዳገቱ ቻርጅ ይጨርሳል ብለው ሁሉን ያጠፋሉ። ሒሳቡ ይህን ያህል አያስፈራም፦ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ለመውጣት ብቻ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ መስታወት ለማጥራት የሚሠራ ማሞቂያ ለግማሽ ሰዓት ቢበራ ብዙ ጊዜ 1 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። አንዳንዶቹ ኃይል ለመቆጠብ በራሳቸው የውስጡን አየር ማሽከርከር ስለሚመርጡ ስክሪኑ ላይ ወደ ውጭ አየር መቀየሩን አረጋግጡ።

ከውጭ በኩል ሲሆን

ሐረጎ ላይ ደመናው መንገዱን ከዋጠው መስታወቱ ጠርቶም አይታይም። አጭር መብራት ተጠቀሙ፤ ረጅሙ ጉሙ ላይ ተንጸባርቆ ይመለሳል። መቆም ካስፈለገ ኩርባ ላይ ሳይሆን ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርታችሁ ቁሙ።

ጣታችሁ ከውስጥ መስመር ያላወጣው ጉም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ደሴ ላይ የቀዘቀዘው መስታወት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሞቅ ያለና እርጥብ አየር ይገጥመዋል፤ ውሃው ውጭው ላይ ያርፋል። ኮምቦልቻ ውስጥም ዝናብ በጣለ ምሽት የኤሲው ቀዝቃዛ ንፋስ መስታወቱን እየመታ ከሆነ ያው ነው። እዚህ ላይ የውስጡን መጥረግ ምንም አይፈይድም። የዝናብ መጥረጊያውን አንድ ሁለቴ አስነሱት፣ ቀዝቃዛውን ንፋስ ከመስታወቱ ወደ እግር አዙሩት ወይም ሙቀቱን ከፍ አድርጉት፤ መስታወቱ ከውጭው አየር ጋር ሲስተካከል ጉሙ አይመለስም።